አንዴ በትክክል የተጻፈ ትእዛዝ ሁለተኛ አይጻፍ

ተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት) ላይ ሲሠራ የሚባክነው ጊዜ ጣት ዘገምተኛ ስለሆነ አይደለም። ቀድሞ በትክክል የተጻፈን ነገር እንደገና በመጻፍ፣ ሲጽፉም አንዷን ፊደል በማሳሳት፣ ከዚያ የተሳሳተችውን ፍለጋ የግራ ቀስቱን ሠላሳ ጊዜ በመጫን ነው። የአቋራጭ ቁልፎችን ዝርዝር አትሞ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ብዙም የማይረዳው ለዚህ ነው፤ ዝርዝሩ መቶ ቁልፍ ያሳያል፣ ሥራውን በእርግጥ የሚያቀሉት ግን ሃያ አይሞሉም።

ቸርችል ጎዳና ወይም ካዛንቺስ ካለ ቢሮ ሆኖ ፍራንክፈርት ያለ ሰርቨር ላይ ለሚሠራ ሰው ነገሩ ይብሳል። በሁለቱ ከተሞች መካከል በአየር መስመር 5,300 ኪሎ ሜትር ገደማ አለ። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ገመዱ ቀጥ ብሎ ቢዘረጋ እንኳ ደርሶ መልሱ ከ50 ሚሊሰከንድ አያንስም። ገመዱ ግን ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ አገራችን የባሕር በር ስለሌላት መስመሩ በጎረቤት አገር በኩል ወደ ባሕር ወርዶ፣ ዞሮ ነው የሚደርሰው። ኤስኤስኤች በሚባለው የርቀት መግቢያ የምትጽፉት ፊደል ስክሪን ላይ የሚታየው ይህን መንገድ ሄዶ ሲመለስ ነው። ቀስቱን ስትጫኑ ጠቋሚው ወደኋላ ይቀራል፤ ያልደረሰ መስሏችሁ ትጨምራላችሁ፤ ያልፋል፤ ትመልሱታላችሁ። ኮንትሮል+ኤ ግን ዓይን አይፈልግም። ስክሪኑ ቢዘገይም ጠቋሚው መስመሩ መጀመሪያ ላይ እንደደረሰ ታውቃላችሁ። ቁልፍ ስትመርጡ መለኪያችሁ ይህ ይሁን፦ ሳታዩ የት እንደሚያደርሳችሁ የምታውቁት ቁልፍ ከቀስት ይበልጣል።

አጻጻፌን ላስረዳ። ኮንትሮል+ኤ ማለት ኮንትሮልን እንደያዛችሁ የኤ ፊደልን መጫን ነው። «ኮንትሮል+ኤክስ፣ ከዚያ ፒ» ስል ግን ኮንትሮልን ለቅቃችሁ ፒን ለብቻው ትጫናላችሁ። ኤ የላቲኑ የመጀመሪያ ፊደል፣ ኢ ደግሞ አምስተኛው ነው። እዚህ የምለው ሁሉ ስለ ባሽ ነው፤ ተርሚናሉ ውስጥ ትእዛዛችሁን ተቀብሎ ስለሚያስኬደው ፕሮግራም። መስመሩን የሚያስተካክልለት ሪድላይን የሚባለው ክፍል ሌሎች ፕሮግራሞችም ስለሚጠቀሙበት፣ አብዛኛው ቁልፍ የፓይተን መጠየቂያ ላይና የፖስትግሬስ ደንበኛ ላይም ይሠራል።

በመስመሩ ውስጥ መንቀሳቀስ ቀላሉ ክፍል ነው። ኮንትሮል+ኤ መጀመሪያ፣ ኮንትሮል+ኢ መጨረሻ፣ አልት+ቢ አንድ ቃል ወደኋላ፣ አልት+ኤፍ አንድ ቃል ወደፊት። ኮንትሮል+ኬ ከጠቋሚው እስከ መጨረሻ ይቆርጣል፣ ኮንትሮል+ዩ ከጠቋሚው እስከ መጀመሪያ። የባሽ አማራጭ ወደሆነው ዚሼል የተሻገረ ሰው ግን ይጠንቀቅ፤ እዚያ ኮንትሮል+ዩ መስመሩን በሙሉ ነው የሚያነሳው። የተቆረጠው አይጠፋም፣ ኮንትሮል+ዋይ ይመልሰዋል፤ ወዲያው አልት+ዋይ ብትጫኑ ደግሞ ከዚያ በፊት የተቆረጠውን ያመጣል። በስህተት ለተጻፈው ኮንትሮል ከታች ሰረዝ ጋር አንድ እርምጃ ይመልሳል።

ብዙ ሰው የማይለየው የኮንትሮል+ደብሊውንና የአልት+ባክስፔስን ልዩነት ነው። ሁለቱም ወደኋላ «አንድ ቃል» ያጠፋሉ፣ ግን ቃል የሚሉት ነገር አንድ አይደለም። ለኮንትሮል+ደብሊው ቃል የሚያበቃው ክፍተት ላይ ነው፤ ስለዚህ ረጅም የፋይል አድራሻ ጽፋችሁ ብትጫኑት አድራሻው በሙሉ ይሄዳል። አልት+ባክስፔስ ፊደልና ቁጥር ያልሆነ ምልክት ሲያገኝ ይቆማል፤ ከአድራሻው የመጨረሻዋን ቁራጭ ብቻ ይወስዳል፣ ሲደገም ቀጣዩዋን። ያው ፎልደር ውስጥ ሌላ ፋይል ስትፈልጉ አልት+ባክስፔስ፣ ሙሉ አድራሻውን ስትቀይሩ ኮንትሮል+ደብሊው።

አልት+ነጥብ ለብቻው አንቀጽ ይገባዋል። ያለፈውን ትእዛዝ የመጨረሻ ቃል ጠቋሚው ያለበት ላይ ያስገባል። ፎልደር ፈጠራችሁ እንበል፤ ሲዲ (ፎልደር ውስጥ መግቢያውን ትእዛዝ) ጽፋችሁ፣ ክፍተት፣ አልት+ነጥብ፣ እንተር። ፋይሉን ከፍታችሁ አያችሁ፣ አሁን መብቱን መቀየር ትፈልጋላችሁ፤ የፋይሉን ስም አትጽፉም፣ አልት+ነጥብ ነው። ሲደጋግሙት ከዚያ በፊት ወደነበሩት ትእዛዞች እየተሻገረ የእያንዳንዱን የመጨረሻ ቃል ያመጣል። ካለፈው ትእዛዝ ስም ቀጥሎ ያለውን ቃል ከፈለጋችሁ ኮንትሮል+አልት+ዋይ አለ። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ቁልፍ ብቻ ይዤ ልሂድ ለሚል ሰው የምሰጠው አልት+ነጥብን ነው።

ታሪክ (የቀድሞ ትእዛዞች መዝገብ) ውስጥ ለመፈለግ ኮንትሮል+አር። ከትእዛዙ የምታስታውሱትን ቁራጭ ትጽፋላችሁ፣ ደግማችሁ ስትጫኑት ወደቀደመው ይሄዳል። ሲያልፍባችሁ ወደፊት የሚመልሰው ኮንትሮል+ኤስ ነበር። ችግሩ ይህ ቁልፍ በብዙ ተርሚናል ላይ ስክሪኑን ያቆመዋል። የጥንት የመስመር ተርሚናሎች ጽሑፍ ሲበዛባቸው ላኪውን የሚያስቆሙበት ምልክት ነው፣ እስከዛሬ አለ። ኮምፒውተሩ የተሰናከለ ወይም ኢንተርኔት የተቋረጠ ይመስላል፤ ሰው መስኮቱን ዘግቶ ሥራውን ያጣል። ኮንትሮል+ኪው ይፈታዋል። ለዘለቄታው ቤት ፎልደራችሁ ውስጥ ባለው፣ ባሽ ሲከፈት በሚያነበው ነጥብ ባሽአርሲ ፋይል ላይ «ኤስቲቲዋይ፣ ክፍተት፣ ሰረዝ፣ አይክስኦን» የሚለውን ትእዛዝ በላቲን ጨምሩ። ከፍለጋው ለመውጣት ኮንትሮል+ጂን ተጠቀሙ፤ ፍለጋውን ትቶ ስትጽፉት የነበረውን መስመር ይመልስላችኋል፣ ኮንትሮል+ሲ ግን ያጠፋዋል።

ጥቂት ሰው የሚያውቀው ኮንትሮል+ኦ ነው። ሦስት ትእዛዝ በቅደም ተከተል አስኬዳችሁ፤ አሁን ሦስቱንም መድገም ትፈልጋላችሁ። በላይ ቀስት ወደ መጀመሪያው ሂዱ፣ ከእንተር ይልቅ ኮንትሮል+ኦ ተጫኑ። ትእዛዙ ይሄዳል፣ ቀጣዩ ተከትሎ ራሱ ብቅ ይላል። እንደገና ኮንትሮል+ኦ፣ እንደገና። ማክ ላይ ቁልፉን ተርሚናሉ ስለሚውጠው አይሠራም፤ «ኤስቲቲዋይ ዲስካርድ አንዴፍ» የሚለው ትእዛዝ ይለቀዋል። ማክ ላይ አልትም ቢሆን እንዲሠራ የተርሚናሉ ማስተካከያ ውስጥ ኦፕሽንን እንደ ሜታ ቁልፍ ተጠቀም የሚለውን ማብራት ያስፈልጋል።

ትእዛዙ ረዝሞ ሁለት ሦስት መስመር ሲሞላ እዚያው አትታገሉት። ኮንትሮል+ኤክስ፣ ከዚያ ኮንትሮል+ኢ የጻፋችሁትን በጽሑፍ ማረሚያ ይከፍተዋል፤ አርማችሁ ስትዘጉ ይሄዳል። ወጥመዱ መዘጋቱ ነው፤ ሐሳባችሁን ብትቀይሩም ማረሚያው ሲዘጋ ባሽ ፋይሉ ውስጥ ያገኘውን ያስኬዳል። ላለማስኬድ ጽሑፉን በሙሉ አጥፍታችሁ፣ ባዶውን ሴቭ አድርጋችሁ ውጡ።

ታሪክና የመብራት ነገር

ይህ ሁሉ የሚጠቅመው ታሪኩ ካለ ነው። ባሽ ደግሞ የጻፋችሁትን ወደ ፋይል የሚያወርደው ሲዘጋ ነው። መብራት ድንገት ሲጠፋና ዴስክቶፑ ዩፒኤስ ከሌለው፣ ከጠዋት ጀምሮ የተጻፈው ትእዛዝ በሙሉ ከኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማህደር (ራም) ጋር ይሄዳል። መፍትሔው ነጥብ ባሽአርሲ ውስጥ አንድ መስመር ነው፦ ፕሮምፕት_ኮማንድ የሚባለውን ተለዋዋጭ (ሁሉም በትልልቅ የላቲን ፊደል፣ መሃሉ የታች ሰረዝ) «ሂስትሪ ሰረዝ ኤ» የሚል ዋጋ ስጡት። ከዚያ እያንዳንዱ ትእዛዝ እንዳለቀ ወደ ፋይሉ ይጨመራል። ተለዋዋጩ ቀድሞ ዋጋ ካለው አትደምስሱት፣ በላቲኑ ሴሚኮለን (;) ለይታችሁ ከነበረው ጎን ጨምሩ፤ አንዳንድ ተርሚናል የመስኮቱን ስም በእሱ ነው የሚቀይረው።

የሚያዘው የትእዛዝ ብዛት ካልተነካ 500 ነው፤ ለሥራ አይበቃም። ሂስትሳይዝንና ሂስትፋይልሳይዝን ሁለቱንም 50,000 አድርጓቸው፤ አንዱን ብቻ ብታሳድጉ፣ ሌላው በትንሽ ቁጥር ተሞልቶ ከሆነ ይቆርጠዋል። ሂስትኮንትሮል የሚባለውን «ኢግኖርቦዝ» ብትሉት ተከታትሎ የተደገመ ትእዛዝ አይመዘገብም፣ በክፍተት የጀመረ ትእዛዝም አይመዘገብም። የይለፍ ቃል ያለበትን መስመር በክፍተት መጀመር የዛሬውኑ ልማድ ይሁን።

ማክሮ

እስካሁን ያለፈን ነገር ማምጣት ነበር። ማክሮ ግን ገና የሚመጣውን ድግግሞሽ ነው የሚቆርጠው።

ቀላሉ በቦታው የሚቀረጸው ነው። ኮንትሮል+ኤክስ፣ ከዚያ ክፍት ቅንፍ ስትጫኑ መቅረጽ ይጀምራል፤ የምትሠሩትን ትሠራላችሁ፤ ኮንትሮል+ኤክስ፣ ከዚያ ዝግ ቅንፍ ያቆመዋል። ኮንትሮል+ኤክስ፣ ከዚያ ኢ ያጫውተዋል። ሰው አንዴ ሞክሮ የሚተወው፣ ሲቀርጽ ቀስት ስለሚጠቀም ነው። ቀስቱን ሰባት ጊዜ ተጭናችሁ ከቀረጻችሁ፣ ቀጣዩ መስመር ላይ ያለው ቃል ዘጠኝ ፊደል ሲሆን ማክሮው ቃሉ መሃል ይቆርጣል። ስትቀርጹ በኮንትሮል+ኤ ጀምሩ፣ በቃል በቃል ተንቀሳቀሱ። ያን ጊዜ የቃሉ ርዝመት ቢለያይም ማክሮው ቦታውን አይስትም።

ቋሚው ማክሮ የሚቀመጠው ቤት ፎልደር ውስጥ ነጥብ ኢንፑትአርሲ በሚባል ፋይል ነው። ፋይሉን አዲስ ስትፈጥሩ መጀመሪያ የሚገባው መስመር «የዶላር ምልክት፣ ኢንክሉድ» ሆኖ የሲስተሙን ኢንፑትአርሲ ከኢቲሲ ፎልደር የሚጠራ ነው። የራሳችሁ ፋይል ካለ ሪድላይን የሲስተሙን አያነብም፤ ይህን መስመር የረሳ ሰው ዲሊትና ሆም የሚሉት ቁልፎች እምቢ ሲሉት ኪቦርዱ የተበላሸ ይመስለዋል።

አጻጻፉ እንዲህ ነው፦ ቁልፉ በድርብ ጥቅስ ውስጥ፣ የላቲን ሁለት ነጥብ፣ ክፍተት፣ ከዚያ የሚጻፈው ነገር በድርብ ጥቅስ ውስጥ። ኮንትሮልን የሚወክለው ባክስላሽ፣ ትልቁ ሲ እና ሰረዝ ነው፤ እንተርን ባክስላሽ እና ኤን። በቀኝ በኩል ጥቅሱን ከረሳችሁ ሪድላይን የተግባር ስም ይመስለዋል፣ ማክሮው አይሠራም።

ሁለት ማክሮ ልምከር። የመጀመሪያው ሱዶን (ትእዛዝን በአስተዳዳሪ መብት የሚያስኬደውን ቃል) ለረሳ ሰው፣ በኮንትሮል+ኤክስ፣ ከዚያ ዩ የሚጠራ፦ ይዘቱ ኮንትሮል+ኤ፣ ሱዶ የሚለው ቃል፣ ክፍተት፣ ኮንትሮል+ኢ። ትእዛዙ «መብት የለህም» ሲላችሁ ላይ ቀስት፣ ማክሮው፣ አይታችሁ እንተር። ሱዶን ያለፈውን ትእዛዝ ከሚደግሙት ሁለት ቃለ አጋኖዎች ጋር ከመጻፍ የምመርጠው፣ የሚሄደውን መስመር ከመሄዱ በፊት ስለሚያሳይ ነው። ሁለተኛው ከትእዛዙ ውጤት ውስጥ ግሬፕ በሚባለው መፈለጊያ ቃል የሚፈልግ ነው፣ በኮንትሮል+ኤክስ፣ ከዚያ ፒ የሚጠራ፦ ይዘቱ ኮንትሮል+ኢ፣ ክፍተት፣ ፓይፕ፣ ክፍተት፣ ግሬፕ፣ ክፍተት፣ ሰረዝ አይ፣ ክፍተት፣ ሁለት ነጠላ ጥቅስ፣ በመጨረሻ ኮንትሮል+ቢ። ያቺ የመጨረሻዋ ኮንትሮል+ቢ ጠቋሚውን አንድ ወደኋላ መልሳ በሁለቱ ጥቅሶች መሃል ታስቀምጠዋለች፤ የምትፈልጉትን ቃል ጽፋችሁ እንተር ብቻ ነው።

ሁለቱም መጨረሻቸው ላይ እንተር የላቸውም፣ ሆን ተብሎ ነው። እንተር ያለው ማክሮ መስመሩ ላይ ቀድሞ ግማሽ የተጻፈ ነገር ካለ ከእሱ ጋር ተጣብቆ ይሄዳል፤ ያ ግማሽ ነገር የማጥፊያ ትእዛዝ ሊሆን ይችላል። እንተር የምታስገቡት ለማየት ብቻ ለሚሆን ትእዛዝ ይሁን፣ ለምሳሌ የጊትን ሁኔታ ለሚያሳየው፤ እዚያም ቢሆን ማክሮው በኮንትሮል+ኢ እና ኮንትሮል+ዩ መስመሩን አጽድቶ ይጀምር። ከኮንትሮል+ኤክስ ቀጥሎ የጂ፣ የኢ ወይም የኤስ ፊደልን አትምረጡ፣ ባሽ ለራሱ ሥራ ሰጥቷቸዋል። ፋይሉን ካረማችሁ በኋላ ተርሚናሉን መዝጋት አያስፈልግም፤ ኮንትሮል+ኤክስ፣ ከዚያ ኮንትሮል+አር እንደገና ያነበዋል። «ባይንድ ሰረዝ ኤስ» ያሉትን ማክሮዎች ይዘረዝራል።

እዚያው ፋይል ላይ የላይ ቀስትን ሂስትሪ-ሰርች-ባክዋርድ ከሚባለው ተግባር ጋር ማያያዝ ይቻላል። የቁልፉ ጽሑፍ ባክስላሽ ኢ፣ ክፍት የማዕዘን ቅንፍ፣ ትልቁ ኤ ነው፤ የታች ቀስት ደግሞ በኤ ፈንታ ትልቁ ቢ ከሂስትሪ-ሰርች-ፎርዋርድ ጋር። የተግባር ስም ስለሆነ እዚህ በቀኝ በኩል ጥቅስ የለም። ከዚያ በኋላ «ዶከር» ብላችሁ ላይ ቀስት ስትጫኑ በዶከር የጀመሩትን ብቻ ያመጣል።

አማርኛ ኪቦርድ ሲበራ

ለእኛ ብቻ የሚመጣው ችግር ይህ ነው። ደብዳቤ በአማርኛ ስትጽፉ ቆይታችሁ ወደ ተርሚናል ትመለሳላችሁ፤ በድምፅ የሚጽፈው አማርኛ ኪቦርድ እንደበራ ነው። ኤልኤስ (የፋይል መዘርዘሪያው ትእዛዝ) ብላችሁ የጻፋችሁት «ልስ» ይሆናል፣ ሲዲ ደግሞ «ችድ»፤ ባሽ እንዲህ የሚባል ትእዛዝ የለም ይላል። ባሽ የግዕዝ ፊደል ያለበትን አሊያስ (የትእዛዝ ምትክ ስም) ስለሚቀበል፣ ነጥብ ባሽአርሲ ውስጥ ልስን ለኤልኤስ፣ ችድን ለሲዲ፣ ጊትን ለጊት አሊያስ ማድረግ ይቻላል፤ በእኩል ምልክቱ ግራና ቀኝ ክፍተት አይግባ። ይህ የሚያድነው ግን ባዶውን ትእዛዝ ብቻ ነው። ከሰረዝ በኋላ የሚመጣው ፊደልም ወደ ግዕዝ ስለሚቀየር «ልስ -ላ» ስህተት ይመልሳል። ስለዚህ አሊያሱ ማስታገሻ ነው፤ ዋናው መቀያየሪያውን ጣት እንዲለምደው ማድረግ ነው፣ ጂኖም ላይ ሱፐር+ስፔስ። መቀያየሪያውን ወደ ኮንትሮል+ስፔስ የወሰደ ሰው የሪድላይንን የምልክት ማድረጊያ ቁልፍ ያጣል።

ፔስት ሲደረግ ደግሞ ሥርዓተ ነጥቡን ተመልከቱ። ከአማርኛ ጽሑፍ የተቀዳ ትእዛዝ ውስጥ ፡ የላቲኑን ሁለት ነጥብ ይመስላል፣ ፤ ደግሞ የትእዛዝ መለያውን ይመስላል። ለባሽ ሁለቱም ተራ ፊደል ናቸው፤ ሁለት ትእዛዝ የመሰላችሁ እንደ አንድ ይነበባል።

የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይይዛል። ሰርቨሩ ይህን ካላወቀ ባክስፔስ አንድ ባይት ብቻ ይነሳለታል፤ አንድ «ሐ» ለማጥፋት ሦስት ጊዜ ትጫናላችሁ፣ መስመሩም ይረበሻል። የተለመደው ምክንያት የቋንቋ ማስተካከያው ነው፤ ላፕቶፑ በአማርኛ ከተዘጋጀ ኤስኤስኤች ያንኑ ወደ ሰርቨሩ ይልካል፣ ሰርቨሩ ላይ የአማርኛው አልተዘጋጀም፣ ስለዚህ ሲ የሚባለውን ባዶ ማስተካከያ ይወስዳል። ሰርቨሩ ላይ ላንግ የሚባለውን ተለዋዋጭ «ሲ ነጥብ ዩቲኤፍ-8» አድርጉት፤ ኤልሲ_ኦል ተሞልቶ ከሆነ ባዶ አድርጉት፣ ላንግን ይጋርዳልና።

የፋይል ስም በአማርኛ ሲሆን ኪቦርድ ከመቀያየር ኮከብ ምልክቷን ከፋይሉ ዓይነት ጋር ጽፋችሁ፣ ኮንትሮል+ኤክስ፣ ከዚያ ኮከብ ተጫኑ፤ ኮከቧ በፋይሎቹ ስም ትተካለች፣ የማትፈልጉትን አጥፍታችሁ እንተር። ስሙን ራሳችሁ ብትጀምሩት ታብ ሊያሳፍር ይችላል፦ ፋይሉ «ሐምሌ» ተብሎ ተቀምጦ እናንተ «ሀ» ብላችሁ ታብ ብትጫኑ አያገኘውም። ለእኛ ጆሮ አንድ የሆኑት ለኮምፒውተሩ ሁለት ናቸው። በግሬፕ ስትፈልጉ ሀ፣ ሐ እና ኀን በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ አብራችሁ ጻፉ፣ ሰ እና ሠንም እንዲሁ።

የኪቦርዱ አሠራርም ራሱ ይታይ። ከውጭ የመጣ ያገለገለ ላፕቶፕ የጀርመን ኪቦርድ ካለው ዋይና ዜድ ቦታ ተለዋውጠዋል። የቆረጣችሁትን ልትመልሱ ብላችሁ ኮንትሮልን ከዜድ ጋር ብትጫኑ፣ እየሄደ ያለ ፕሮግራም ካለ ከበስተጀርባ ይቆማል፤ «ኤፍጂ» ብላችሁ መልሱት። በቀኝ ያለው አልት ጂአር ደግሞ አልት አይደለም፤ አልት+ነጥብ እምቢ ካላችሁ በግራ እጅ ያለውን ሞክሩ።

የተቋረጠ መስመር

ኢንተርኔት ተቋርጦ የኤስኤስኤች መስኮት ሲደርቅ ኮንትሮል+ሲ አይሠራም፤ ቁልፉ የሚሄደው ወደ ሰርቨሩ ነው፣ ሰርቨሩ ደግሞ አይሰማም። እንተር፣ ከዚያ ቲልዳ (~)፣ ከዚያ ነጥብ። ይህን የሚሰማው እዚሁ ያለው ፕሮግራም ስለሆነ ወዲያው ይዘጋል። ቲልዳዋ የምትታወቀው ከእንተር ቀጥላ ስትመጣ ብቻ ነው፤ መስመር መሃል ከሆነች ተራ ፊደል ናት።

ረጅም ሥራ ሁልጊዜ ሰርቨሩ ላይ ቲመክስ በሚባል ፕሮግራም ውስጥ ይጀመር። መስመሩ ሲቋረጥ ያለ ቲመክስ የነበረው ሥራ አብሮ ይሞታል፤ ቲመክስ ውስጥ ያለው ይቀጥላል፣ ተመልሳችሁ ገብታችሁ «ቲመክስ አታች» ስትሉ ከነስክሪኑ ታገኙታላችሁ። የቲመክስ መጥሪያ ኮንትሮል+ቢ የሪድላይንን ወደኋላ መሄጃ ይወስዳል፣ ከላይ ያለውን የፍለጋ ማክሮ ግን አይነካውም፤ ማክሮው ውስጥ ያለችውን ኮንትሮል+ቢ የሚያነባት ሪድላይን ራሱ ነውና። መጥሪያውን ወደ ኮንትሮል+ኤ የሚቀይር ብዙ ሰው አለ፤ እኔ አልመክረውም፣ በቀን መቶ ጊዜ የሚያስፈልገው መስመር መጀመሪያ ይዘጋል። መስመሩ በጣም ለሚዘገይበት ሰው ሞሽ የሚባል ፕሮግራም አለ፤ የምትጽፉትን መልስ ሳይጠብቅ እዚሁ ያሳያል፣ ዋይፋዩ ተቀይሮ አድራሻችሁ ቢለወጥም አይቋረጥም። ሰርቨሩ ላይም መጫን አለበት፣ የዩዲፒ በሮች ከ60000 እስከ 61000 ድረስ ፋየርዎሉ ላይ ክፍት መሆን አለባቸው፤ እነሱ ከተዘጉ መግቢያው ያልፍና ሞሽ ከሰርቨሩ ምንም አልደረሰኝም እያለ ይቀራል።